ከሸማ ተራ እስከ ዶርዜ፦ በሰው አገር የሚያልፍ የአገልግሎት ዓመት

በአዲስ አበባው መርካቶ ውስጥ ያለው የሸማ መሸጫ፣ ሸማ ተራ፣ ከገበያው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ስፍራ ነው፤ ሆኖም በሰው አገር ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት አንድ ዓመት የሚያሳልፍ ወጣት ምን እንደሚማር ለመመርመር መንገድ የሚጀምር ተጓዥ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ መጥቶ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች የሚያገለግለውን ወጣት አስተናጋጆቹ የዓመት በዓል ልብስ ሊገዙለት ሲያስቡ የሚወስዱት ወደዚህ፣ አለዚያም ወደ ሽሮ ሜዳ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡልኮ ላላወቀ ዓይን ሁሉም አንድ ነጭ ጨርቅ ይመስላል፤ ነጋዴዋ ግን በጣቶቿ መካከል አንድ ጊዜ አሸት አድርጋ የእጅ ፈትሉን ከፋብሪካ ክር፣ ሸማኔ የሠራውን ከማሽን ሥራ ለይታ ትናገራለች። ሊያስተምር የመጣው ወጣት በዚያች ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚረዳው የመጀመሪያው ነገር፣ በዚህ አገር ማየትን እንኳ እንደ አዲስ መማር እንዳለበት ነው።

አለባበሱም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በነጠላው ጫፍና ጫፍ የሚሸመነው ባለ ቀለም ጌጥ፣ ጥለት የሚባለው፣ የሚውልበት አኳኋን እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ይለያያል፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለኀዘን ተዘቅዝቆ ይለበሳል፣ በታላቅ ሰው ፊት ለመታዘዝ የሚቆም ደግሞ ነጠላውን በደረቱና በወገቡ ዙሪያ አጥብቆ አስሮ ያደገድጋል። እንግዳው ወጣት ነጠላውን እንደ አንገት ሻርፕ ጠምጥሞ ወደ በዓል ቤት ሲገባ፣ ወይም ሳያውቅ ጥለቱን ዘቅዝቆ በሠርግ ላይ ሲገኝ፣ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እንዲህ አይደለም» ብለው በገዛ እጃቸው ያስተካክሉለታል። ለማገልገል የመጣው ሰው በዚህ ጊዜ የሚገለገል ሰው ሆኗል፤ ለብዙዎቹም ከባዱ ፈተና ይኸው ነው። ገንዘብ ሰብስቦ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ክትባት ተከትቦ የመጣ ወጣት በአእምሮው ያዘጋጀው ለመስጠት እንጂ ለመቀበል አይደለምና፣ እንደ ልጅ መታረም ያሳፍረዋል፤ ዕድለኛ ከሆነ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ይህን ኀፍረት ይለምደዋል።

መርካቶ ራሱ ስለ ባዕዳንና ስለ አገሬው ግንኙነት የሚናገረው ታሪክ አለው። ቀድሞ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ከተማዋን የያዘው የፋሺስት አስተዳደር ነጮችንና አገሬውን በሰፈር ለያይቶ ለማኖር ባወጣው ዕቅድ ገበያውን በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ለመለያየት ተብሎ የተቆረጠው መሬት ከነፃነት በኋላ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የተሰበሰበ ሰው የሚገናኝበት ሆነ፤ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጋሞው፣ ሐረሪውና የየመኑ ነጋዴ ሳይቀር በየተራው ተጎራበተ፤ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም በአንድ ሰፈር ምእመናናቸውን ይጠራሉ። ወደዚህ የሚመጣ የባዕድ አገር ወጣት ከእሱ በፊት የመጡት ባዕዳን በምን ዓላማ እንደመጡ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሰው በጎ ፈቃዱን ይዞ ወደ ባዶ ሜዳ አይገባምና፣ የሚረግጠው መሬት ስለ እንግዳ የራሱ ትዝታ አለው። የቅርቡም ኀዘን እንዲሁ ሊታወቅ ይገባል፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሱቆችን አውድሞ ለዓመታት የተጠራቀመ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ስላደረገ፣ በዚህ ተራ ዋጋ የሚከራከር ሁሉ ከማን ጋር እንደሚከራከር ማሰቡ ተገቢ ነው።

በእንግሊዝና በሌሎች የምዕራብ አገሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት ያለውን ዓመት ከትምህርት ውጭ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ አገር በማገልገል ማሳለፍ የታወቀ ልማድ ሲሆን «ጋፕ ይር» እየተባለ ይጠራል። የልማዱን ሥር የሚፈልግ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1958 አሌክ ዲክሰን ወደ መሠረተው፣ መጀመሪያ ትምህርታቸውን የጨረሱ የ18 ዓመት ወጣቶችን ለአንድ ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይልክ ወደነበረው፣ ቪ.ኤስ.ኦ. ወደተባለው ድርጅት ይደርሳል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የበለጠ የሚቀርበው ግን ኒኮላስ ማክሊን-ብሪስቶል የመሠረተው ፕሮጀክት ትረስት ነው፤ ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወጣቶች የላከው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ይህ ልማድ ገና ጭላንጭል በነበረበት ዘመን ኢትዮጵያ ከተቀባይ አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች ማለት ነው፤ ታሪኩ ግን እስካሁን በብዛት የተጻፈው በላኪዎቹ ወገን ነው።

ከመርካቶ ወጥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ተጓዥ ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፎ፣ እስከ ዓይን መጨረሻ የሚዘረጋውን የጤፍ ማሳ ግራና ቀኝ እያየ ወሊሶ ይደርሳል። በዚህች ከተማ የሚያቆመው ምክንያት በአንድ ወቅት እዚህ ያስተማረው አሜሪካዊ ፖል ሶንጋስ ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች «ሰላም ጓድ» በተባለው፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከዓመት ተመንፈቅ በፊት ባቋቋሙት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሥር ኢትዮጵያ ገቡ፤ መሪያቸው ኋላ የፔንስልቬንያ ሴናተር የሆነው ሃሪስ ዎፎርድ ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለዋቸዋል። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ በዘመኑ ዲግሪ ያለው መምህር ከመጠን በላይ ያጥር ስለነበር፣ የእነሱ መምጣት ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ አስጠጋው። ሶንጋስ ወሊሶ ደርሶት ሁለት ዓመት አስተማረ፤ ወደ አገሩ ተመልሶ ለማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ተወዳደረ፤ ሕይወቱንም እስከ መጨረሻው የቀረጸው የወሊሶው ዘመን እንደሆነ ይመሰክር ነበር። የወሊሶ ልጆች ከእሱ የክፍል ትምህርት ተምረው ከሆነ፣ እሱ ከወሊሶ የተማረው ከዚያ እንደሚበልጥ ከራሱ ምስክርነት መረዳት ይቻላል።

ይህ ሚዛን ሁልጊዜ እንዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የአገልግሎት ዓመት ትልቁ ተጠቃሚ አገልጋዩ ነው። በወሊሶ ያለ ወጣት ዛሬም የሚያገኘው ትምህርት የሚጀምረው ከቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ አማርኛ ለምዶ የመጣው ገበያ ሲወጣ በአፋን ኦሮሞ ስለሚጠራ፣ «የኢትዮጵያ ቋንቋ» ብሎ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ የመጣበት ሐሳብ ይፈርስበታል። ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ይለያል፣ አዲስ ዓመቱ በመስከረም ይብታል፣ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የማይበላው ጎረቤት በፋሲካ ዶሮና በግ አርዶ ይጠራዋል። ጉርሻ ሲቀርብለት አፉን ከፍቶ በሰው እጅ መብላት በቤቱ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በኋላ የቀረ ነገር ነው፤ እምቢ ቢል ያስቀይማል፣ እሺ ቢል ደግሞ አንዱ ስለማይበቃ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ተማሪው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣለታል፤ ይህን አክብሮት ያገኘው በእውቀቱ አለመሆኑን፣ ከእሱ በፊት በዚያ ሰሌዳ ፊት በቆሙ ኢትዮጵያውያን መምህራን ልፋት የተገነባ መሆኑን የተረዳ ወጣት ብዙ ተምሯል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ሰላም ጓድን የአሜሪካ ፖለቲካ መሣሪያ አድርጎ ተቃውሞታል፤ ከአብዮቱም በኋላ አገልግሎቱ በ1969 ዓ.ም. ከአገር ወጥቶ የተመለሰው ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። ተቃውሞው በእያንዳንዱ ወጣት መምህር ላይ ሲፈረድ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን ለወጣቶቹ ከመጻሕፍት የማይገኝ ትምህርት ሰጥቷቸዋል። ሰው በሰው አገር ሲኖር የመንግሥቱን ጥላ ይዞ ይኖራልና፣ በግል ንጹሕ መሆኑ ብቻ ከጥያቄ አያድነውም።

የወሊሶን ትምህርት ቤት ሲያነሡ ሌላ፣ ከውጭ ያልመጣ አገልጋይ መዘንጋት የለበትም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ በዚህም መሠረት ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት ከመማሩ በፊት ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ሙሉ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች፣ በአብዛኛው በመምህርነት እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ወደ ጎሬ፣ ወደ ጊንር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሲላክ የሚያየው አገር ለእሱም ባዕድ ነበር፤ የአካባቢውን ቋንቋ የማያውቅ፣ የአስተናጋጁን ምግብ የማይወድ፣ የጭቃውን መንገድ የማይችል እንግዳ ሆኖ ይገኛል። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ ከተነሣ በኋላ በየዓመቱ ከአገልግሎት የሚመለሱት ተማሪዎች የጭሰኛውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች ሆነው ለጥያቄው ሥጋና ደም ሰጡት። በዚህ መሠረት ከውጭ አገር የሚመጣው ወጣት ከሚያልፍበት ፈተና ብዙው ሰው ገዛ አገሩን በቅጡ ሲያይ የሚያልፍበት ነው፤ ርቀቱን የሚሠራው ድንበሩ ሳይሆን አለማወቁ ነው።

ከወሊሶ አልፎ ወልቂጤን ሲቃረቡ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ቅጠሉ ሙዝ ይመስላልና፣ እንግዳው ፍሬውን ሲፈልግ ይታያል። እንሰት የሚበላው ግን ሥሩና ግንዱ ነው፤ ሴቶች ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው፣ ለወራት አብላልተው ቆጮ ያወጡበታል፤ ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም አንዴ ከደረሰ በድርቅ ጊዜ ሳይደርቅ ስለሚቆይ፣ በደቡቡና በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ኑሮውን ይደግፍበታል። ኢትዮጵያን በ1977ቱ ረሀብ ፎቶግራፎች ብቻ ከሚያውቅ ቤተሰብ የመጣ ወጣት ከጉራጌ እናት ጓሮ ሲገባ፣ ረሀብን በብልሃት ሲከላከል የኖረ እውቀት ፊቱ ቆሞ ያገኘዋል፤ ክትፎውን በቆጮ ሲጎርስም ለማስተማር ካዘጋጀው የአመጋገብ ትምህርት ምን ያህሉን መሰረዝ እንዳለበት ያስባል።

በጉራጌ መንደሮች መካከል የሚያልፈው ጀፎረ ሌላው መምህር ነው። ጀፎረ ማለት ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ በሣር የተሸፈነ ሰፊ የጋራ መንገድ ሲሆን፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል በዓሉም፣ የሽማግሌ ሸንጎውም የሚውልበት ስፍራ ነው፤ ስፋቱን ማንም ወደ ግል አጥሩ እንዳያጠብበው የሚጠብቀው የሕዝቡ ባህላዊ ሕግ ነው። ይኸው ማኅበረሰብ በ1950ዎቹ መርካቶ ውስጥ የሚነግዱ ልጆቹን አስተባብሮ፣ ከሱቅ ትርፍ ላይ መዋጮ ሰብስቦ፣ መንግሥትንም አግባብቶ የትውልድ መንደሮቹን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋመ። የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚባለው ነገር በአውሮፕላን የመጣ የሚመስለው ካለ፣ ይህን መንገድ እየረገጠ እንዲያስብበት ይገባል። እድሩ፣ እቁቡ፣ ደቦው፣ የመንገድ መዋጮው ሁሉ ሰዎች ጉልበታቸውንና ገንዘባቸውን ለጋራ ጉዳይ የሚሰጡባቸው ሥርዓቶች ናቸው፤ ከውጭ የመጣው ወጣት የሚጨምርበት እንጂ የሚጀምረው ነገር እዚህ የለም። ይህን ያልተረዳ ወጣት በአንድ ወር የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀብቶ ይሄዳል፤ የተረዳው ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመንደሩ ሽማግሌዎች በምን ጉዳይ ላይ እየመከሩ እንደሆነ ይጠይቃል።

ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ በመስኮት የሚታዩ ያህል ይታለፋሉ፤ በሶዶ ግን የ1967ቱ «እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ» ሳይነሣ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ደርግ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ፤ የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሲደርስ ዘማቾቹ ገበሬ ማኅበራትን ለማደራጀት በየቀበሌው ተገኙ፣ በደቡቡ አካባቢም ጭሰኛው በደስታ ተቀበላቸው። ነገር ግን ዘመቻው ግዴታ እንጂ ፈቃድ አልነበረም፤ ከባለ መሬት፣ ከአስተዳዳሪና ከራሱ ከደርግ ጋር የተጋጨው ወጣት ብዙ ነው፣ ሕይወቱን ያጣም አለ። የወጣትን ቅን ስሜት መንግሥት ለራሱ ዓላማ ሊያዘምተው እንደሚችል ያ ዓመት በከባድ ዋጋ አስተምሯል፤ ስለ አገልግሎት ዓመት በኢትዮጵያ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ዕዳ ሳያነሣ ቢቀር ወጣቶቹን ይበድላል።

ከሶዶ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ የአባያን ሐይቅ ቡናማ ውሃ በስተግራ አድርጎ አርባ ምንጭ ያገባል። በዚህች ከተማ በ2011 ዓ.ም. መስከረም የሆነውን ነገር በቦታው ላይ ቆሞ ማሰብ፣ ወጣት ከማን ሊማር እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው ዐቢይ ማስረጃ ነው። ከአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ የበቀል ስሜት ያደረበት ወጣት ወደ ጥፋት ሲተም፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የሚለምንን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነውና፣ ወጣቱ ቆመ፣ ተመለሰም። የግጭት አፈታት ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚወስዱ የባሕር ማዶ ወጣቶች ወደዚህ ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት መማሪያ መጽሐፍ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ የሆነው ግን ሽማግሌዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ባከማቹት መከበር ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በሁለት ወር ሥልጠና የሚቀዳ አይደለም። ሊቀዳ አለመቻሉን ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጡ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፤ ከበታች አባያና ጫሞ በመካከላቸው ያለውን የመሬት ድልድይ ይዘው ተነጣጥለው ይታያሉ፣ ከበላይ ጉሙ ከቀርከሃው ጋር ይጠላለፋል፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ የዶርዜ ቤቶች ይቀበላሉ። ዶርዜ በጋሞ ደጋ የሚኖር፣ በሽመና ሙያው መላው ኢትዮጵያ የሚያውቀው ሕዝብ ነው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራውና በእንሰት ቅጠል የሚለብሰው ቤት ፊት ለፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል፤ ሲሠራ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በዓመታት ውስጥ ዝቅ ይላል፣ አስፈላጊም ሲሆን ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉ ቤቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ዕድሜውን በሲሚንቶ ከተማ ያሳለፈ ወጣት ቤት ከነዋሪው ጋር አብሮ የሚያረጅ ነገር መሆኑን እዚህ ያያል።

ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ የተወጠረው ክር ድር፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይዞት የሚመላለሰው ማግ ይባላል፤ እግሩ ድሩን ሲከፍት እጁ ይወረውራል፣ ሌላው እጁ ይቀበላል፣ መልሶ ይመታል። እንግዳ ወጣት ልሞክር ሲል ሳቅ አይጠፋም፤ መወርወሪያው መንገዱን ስቶ ይወድቃል፣ ክሩም ይበጠሳል፣ አባትየው ደግሞ ሳይቆጡ የተበጠሰውን ቋጥረው እንደገና ያስሞክሩታል። በሸማ ተራ ዋጋ ሲከራከር የነበረው ወጣት አንዲት የጥለት ስንዝር ስንት የእጅና የእግር ምልልስ እንደምትጠይቅ ሲያይ፣ ያን ቀን ባስቀነሰው ገንዘብ አይደሰትም።

በዚሁ ደጋ በ1960ዎቹ ዳን ስፐርበር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኖሮ ነበር። ለበጎ ፈቃድ ሳይሆን ለጥናት የመጣ ቢሆንም፣ የተማረው ነገር ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን አውሬ ነው፣ ጾም ያከብራል ብለው ነገሩት፤ እሱ ግን እነዚያው ሰዎች በረቡዕና በዓርብም ከብቶቻቸውን ከነብር ሲጠብቁ አየ። ሰዎቹ ተሳስተዋል ብሎ ለመደምደም አልቸኮለም፤ ሰው በምሳሌ የሚናገረውና በኑሮው የሚሠራበት እውቀት እንዴት ጎን ለጎን እንደሚቆሙ ለዓመታት አሰበበት፣ በኋላ በዓለም የታወቀበት ስለ ምልክት ያለው ንድፈ ሐሳብም ከዚህ ወጣ። አለመቸኮሉ ነው ትልቁ ነገር፤ የሁለት ሳምንት እንግዳ ቢሆን ኖሮ የነብሩን ታሪክ እንደ አስቂኝ ወግ ይዞት በሄደ ነበር።

ዶርዜ ለኢትዮጵያዊው ተጓዥም የሚያሳየው ያልተመቸ እውነት አለ። አገሬው ሸማን በበዓልና በሠርግ ሲያከብር ሸማኔውን ሲንቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ንቀቱ ሥር ስለ ሰደደ ነው። ንቀቱ ዛሬ ቢቀንስም ዱካው አልጠፋም፤ ከጋሞ ደጋ «ሙያ ትማራለህ፣ ትምህርት ቤትም ትገባለህ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የሚወሰዱና ለረጅም ሰዓት ያለ በቂ ክፍያ በሽመና የሚበዘበዙ ሕፃናት ጉዳይ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው። ከመርካቶ ተነሥቶ እዚህ የደረሰ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፈረንጁ የሚገረምበትን የቀርከሃ ቤት አብሮ ከመገረም አልፎ፣ የገዛ ነጠላውን ማን፣ በስንት ዓመቱ እንደሸመነው የመጠየቅ ኀላፊነት አለበት። በዚህ ነጥብ ላይ የውጭውና የአገር ውስጡ ወጣት እኩል እንግዶች ናቸው።

ጊዜ የጉዳዩ ማዕከል መሆኑ ከጉዞው ሁሉ ይታያል። ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ አገልግሎትን ከሽርሽር ጋር ቀላቅሎ በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚሸጥ ንግድ ተስፋፍቷል፤ ከሁሉ የከፋው የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎችን እንደ መጎብኛ ማየት ነው። እንግዳ መጥቶ ያቅፋል፣ ልጁ ይወደዋል፣ እንግዳው ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፤ ይህ መፈራረቅ በሕፃን ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሕፃናት ሥነ ልቦና ዘንድ የታወቀ ነው፣ በአንዳንድ አገሮችም ወላጅ ያላቸውን ልጆች ለእንግዳ ገንዘብ ሲባል ወደ ማሳደጊያ ማስገባት ድረስ ደርሷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ድርጊት ከዘመናዊ ባርነት ዓይነቶች ጋር አያይዛ የተመለከተችው በዚህ ምክንያት ነው። ለወጣቱ ፍቅር የመሰለው ነገር ለሕፃኑ የማይድን ቁስል ሊሆን እንደሚችል ላኪ ድርጅቶች ከትኬቱ በፊት ሊነግሩት ይገባል።

ወደ ኢትዮጵያ ወጣት የሚልኩ ድርጅቶች ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ አይላኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለአካባቢው ቋንቋ ይስጡ፤ ወጣቱ የሚሠራውንም ሥራ የሚመርጠው ተቀባዩ ማኅበረሰብ ይሁን። በወላጆቻቸው ትዝታ ኢትዮጵያን የሚያውቁ የዳያስፖራ ልጆች በክረምት ሲመጡ ከዘመድ ሳሎን ወጥተው ወደ ወሊሶ፣ ወደ ወልቂጤና ወደ ጨንቻ የሚወስድ መንገድ ይከፈትላቸው። ከሁሉ በላይ ግን የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን፣ በ1966ቱ አብዮት የተቋረጠውን የአገልግሎት ዓመት፣ የ1967ቱን የዘመቻ ግዳጅ ሳይደግሙ፣ በፈቃድና በበቂ የኪስ ገንዘብ ሊመልሱት ይገባል፤ ሥርዓቱንም ከመቅረጻቸው በፊት የጋሞ ሽማግሌዎችን፣ የጉራጌ ጀፎረ ጠባቂዎችንና የሸማ ተራ ነጋዴዎችን፣ ምን ዓይነት ወጣት እንደሚፈልጉና ምን ሊያስተምሩት እንደሚችሉ ይጠይቁ።